የትኛው «ሀ»?

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር አለ። ቁጣዬን፣ ቅናቴን፣ ጾም መሻሬን ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። የላቦራቶሪ ጉዳይ ስለሆነ አይገባቸውም እያልኩ። ውሸት ነው፤ ይገባቸው ነበር።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ከሥራው ልጀምር። ሁለተኛ ዲግሪዬን እዚሁ ሀዋሳ ስሠራ ሺፍ ቤዝ የሚባል ውህድ አዘጋጅቼ ከመዳብ ጋር አጣመርኩት። ውህዱ መዳቡን እንደ ጉጠት ግራና ቀኝ ይይዘዋል። ማወቅ የፈለግሁት፣ እንዲህ የተያዘው መዳብ ከባዶው የመዳብ ጨው ይልቅ ባክቴሪያን አብልጦ ይገድል እንደሆነ ነው። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ መድኃኒቱን የጠጣ ክብ ወረቀት ይቀመጣል፤ በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ ከሰፋ መድኃኒቱ በርትቷል።

ሰው አላምንም ነበር። ውጤቴን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ሳህኖቹ ላይ ስም አላስጽፍም፤ ፊደል ብቻ። ሀ የመዳቡ ጨው፣ ለ ሺፍ ቤዙ፣ ሐ የሁለቱ ጥምር፣ መ ማሟሚያው። ፍቺውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አስቴር አብራኝ ትማር ነበር። አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ያን ቀን እኔ ወረቀቶቹን በወረንጦ እያነሳሁ ፊደሉን እጠራለሁ፣ እሷ ሳህኑ ላይ ትጽፋለች። ቸኩዬ ስለነበር በተራ አልጠራሁም፤ ጥምሩን አስቀደምኩ።

«ሀ» አልኩ።

«የትኛው ሀ?»

«ፊደል አልቆጠርሽም እንዴ? ጻፊ።»

ጻፈች።

በማግስቱ ውጤቱ ከቀድሞ ሙከራዬ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ባዶው ጨው ጥምሩን በልጦ ተገኘ። ታዲያ ማንን ጠረጠርኩ? አፌን? አስቴርን ጠረጠርኩ። ለምን ስለ ሀ ጠየቀችኝ? የቤት ጓደኛዋ ትዕግሥት፣ የእኔን የመሰለ ርእስ ይዛ፣ ለምን ሁልጊዜ እኛ ላቦራቶሪ ደጃፍ ትጠብቃታለች? ሳቃቸውን እንኳ ጠረጠርኩ። ለአማካሪያችን ሳህኖቼ ተነክተዋል ብዬ ከሰስኳት።

«ዶክተር፣ እሱ ያለኝን ነው የጻፍኩት» አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከላቦራቶሪው ወጥታ ሌላ ርእስ ከመጀመሪያው እንድትጀምር ተደረገ። እኛ ጋውን ለብሰን ስንመረቅ እሷ ገና ለአዲሱ ርእሷ አፈር እየመዘነች ነበር።

አላወቅሁም ነበር እንዳልል፣ ዐውቄአለሁ። እሷ በወጣች በዚያው ሰሞን ሙከራውን ብቻዬን ደገምኩ። ጥምሩ በለጠ። የእሷን ሳህኖች አውጥቼ ሀን ወደ ሐ፣ ሐን ወደ ሀ ባዛውራቸው ሁሉም ልክ መጣ። ጥምሩን «ሀ» ስላት ሀን ጽፋ፣ ኋላ ለጨዉ የቀረውን ሐ ሰጥታ ኖሯል። ዓይን ሁለት ፊደል ያያል፤ ጆሮ ግን አንድ ብቻ ይሰማል። «ሐመሩ ሐ ነው» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይጨርስ ነበር? እሷ ጠይቃ ነበር። እኔ አላገጥኩባት፣ ከዚያም ከሰስኳት፣ ከዚያም ዝም አልኩ። ተመርቄ እናገራለሁ አልኩ። ተመረቅሁ፤ አልተናገርኩም።

በቅርቡ እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ አስቴር ስሜን ጠራች። እንደ ወንድሟ ሳመችኝ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤት መከራየቷን፣ ሥራ መያዟን ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ የምልህ፣ ያኔ ሳህኑን ማን እንደነካው ደረስክበት? እኔ እኮ ትዕግሥት ናት ብዬ ተለያየን። የላቦራቶሪውን ቁልፍ ከቦርሳዬ ማን ይወስዳል ሌላ? ሠርጓ ላይ እንኳ አልሄድኩም።»

እዚያው ልናገር እችል ነበር። አስቴርዬ፣ ማንም አልነካውም፣ እኔ ነኝ ማለት ምን ይከብዳል?

«አልደረስኩበትም» አልኳት።

ስለዚህ ይህን የድሮ ጥፋት አትበሉልኝ። ተማሪ ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አሁን አስተማሪ ነኝ፣ ያኔ የዋሸሁትን ዘንድሮም ደገምኩት። የእኔ ጥርጣሬ በእሷ ልብ አድሮ ምንም ያላደረገች ጓደኛዋን አሳጣት። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልለምንም፤ ይቅርታው የአስቴርና የትዕግሥት ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ስጽፍ ለአንዳቸውም ገና አልነገርኩም።