ሳጥን ውስጥ ያደረችው መሣሪያ

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ደብረ ብርሃን ላይ ሃያ ዓመት አረቄ ሲያወጡ ኖረዋል። ማድቤታቸው መስኮት የለውም፤ ኩበቱ ሲጨስ ሰው ከሰው አይተያይም። እሳቱን የምትቆሰቁሰው ልጃቸው ፍቅርተ ናት፤ አምና ከገና ወዲህ ሳል አልለቃት አለ።

የካቲት ላይ ኤፍሬም የሚባል የጤና ባለሙያ መጣ። የሰፈሩ ሰው በቀን ምን ያህል ጭስ ወደ ሳንባው እንደሚያስገባ እየለካ ነው፤ ጭስ ለሚበዛባቸው ቤቶች ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይሠራላቸዋል። አየር የምትስብ፣ መዳፍ የማትሞላ መሣሪያ ፍቅርተ አንገት ላይ አንጠለጠለና እስከ ነገ ጠዋት እንዳታወልቂያት ብሎ ሄደ።

ገና ከደጅ ሳይርቅ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ አወለቋት። የሰው ዕቃ አደራ አይደል? ጥላሸት ለብሳ ብትመለስ ሰው ምን ይላል! በነጠላ ጠቅልለው የክት ልብሳቸው ሳጥን ውስጥ ቆለፉባት። ፍቅርተ፣ ኧረ እማዬ፣ የምትለካው እኮ ጭሱን ነው ብትላቸው፣ አንቺ ደግሞ ብለው ገላመጧት። ጠዋት ወልውለው፣ ኮራ ብለው አስረከቡ። ኤፍሬም አውልቃት እንደሆነ ጠየቀ።

"ካንገቷ አልወረደችም" አሉት። ፍቅርተም እናቷን ማሳፈር አልሆነላትም።

ውጤቱ ሲመጣ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ንጹሕ አየር የሚተነፈሰው እነሱ ቤት ሆኖ አረፈው! ምድጃው በቀን አንዴ ወጥ ለምትሠራው ለጎረቤታቸው ለአመተ ማርያም ተሠራ። ያን ጊዜ እንኳ ሄደው ዋሽቻለሁ ቢሉ ምን ነበረበት? አፈሩ። ጭሱም እንደ ድሮው ቀጠለ።

ፍቅርተ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ትመራ ነበር። ትንፋሿ መሐል ላይ እየተቆረጠ ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ ሄደች፤ ሰኔ ላይ ጭራሽ ቀረች። ሐኪሙ ሳንባዋ ተጎድቷል፣ እንዳይብስ እንጠብቃት እንጂ ወደ ነበረበት አይመለስም አለ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ያን ዕለት ልጃቸውን ከማድቤት አስወጧት። ምን ያደርጋል፣ ዘገዩ።

ዘንድሮ ኤፍሬም ተመልሶ መጣ። ሁሉንም ሳይደብቁ ነገሩት፤ ሳጥኑን ሳይቀር አሳዩት። አሁን እሳቱን የሚቆሰቁሱት እሳቸው ናቸውና መሣሪያዋን እሳቸው አንገት ላይ አንጠለጠለላቸው።

"ልጄ፣ ይቺ መሣሪያ ያምናውን መለካት ትችላለች?"

"አትችልም እማማ። ከዛሬ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።"

ከጓዳ ፍቅርተ መዝሙር ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳል ያዛትና አቆመች። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የቀረውን ስንኝ ቆመው ጠበቁ፤ አልመጣም።