የውሃ ክፍሉ ቁልፍ

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ከፋብሪካው በር ውጭ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከበሩ ወዲያ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠራቸው «እትዬ ዘምዛሚ» እያለ ነው። ሱሪም ይሁን ቀሚስ፣ ጫፉ ተቀልብሶ ሳይዘመዘም ልብስ አይባልም፤ እሳቸውም ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰውን ልብስ ጫፍ ሲዘመዝሙ ኖረዋል። «ሌላው ይጀምራል፣ እኔ እጨርሳለሁ» ይሉ ነበር፤ በቀልድ፣ ግን ኮራ ብለው።

ከዚያ ዓይናቸው ደከመ። ዓይን እንደ ሌባ ነው፤ ሲሄድ ኮቴው አይሰማም። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠበበባቸው። ቀጥሎ የክሩ ቀለም ይምታታባቸው ጀመር። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ቀን አርባ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሱሪ በጥቁር ክር ዘምዝመው አስረከቡ። ይህን ያየችው የመስመሩ ተቆጣጣሪ ናት። ይህች ሴት ገና በልጅነቷ ስትቀጠር የመርፌ አያያዝ ያስተማሯት እትዬ ራሳቸው ነበሩ። ሱሪዎቹን አንድ በአንድ ገልጣ አየቻቸው። ሦስት ቀን የምሳ ሰዓቷን አጎንብሳ ክሩን እየፈታች፣ አብራቸው ደግማ ሰፋች። በአራተኛው ቀን ወደ አለቆቹ ወጥታ፣ «የውሃ ክፍሉ ሰው ያስፈልገዋል፤ እምነት የሚጣልበት ሰው ደግሞ አውቃለሁ» ብላ ተመለሰች። ስለ አርባው ሱሪ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

እትዬ ከመርፌ ወደ ውሃ የተዛወሩት በዚህ ዓይነት ነው። የስፌት መኪኖቹን የሚጠግነው መካኒክ፣ ቀልድ ካልተናገረ የበላው የማይፈጭለት፣ በመጀመሪያው ቀን በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «ከዘምዛሚነት ወደ ዘምዘም ውሃ! እትዬ፣ ይሄማ እድገት ነው» አላቸው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ በር፣ ወደ ስፌት አዳራሹ የሚከፈት አንድ መስኮት፣ ጥግ ላይ አንድ የውሃ ገንዳ፤ የቀረው ቦታ እስከ ጣሪያ ድረስ የታሸገ ውሃ ካርቶን ነበር። ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ከሰዓት በዘጠኝ፣ ሰማንያ ሰው ይሰለፋል። እትዬ በመስኮቱ ለያንዳንዱ አንድ አንድ ጠርሙስ ያቀብላሉ፤ ከጠርሙሱ ጋር አንድ አንድ ቃል ያቀብላሉ። «ትኩሳቱ ልጅሽን ለቀቀው?» «ወገብህስ?» «ዛሬ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ባላቸው ካረፉ፣ ሴት ልጃቸውም ርቃ ከተዳረች ወዲህ፣ በቤታቸው ውስጥ ከግድግዳው ሰዓት በቀር የሚናገር አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የሚሰሙትን የሰው ድምፅ ማታ ይዘውት ይገባሉ፤ እሱም እስከ ንጋት ይበቃቸዋል። «ተመስገን፣ ዓይኔን ወስዶ ሰው ሰጠኝ» ይሉ ነበር።

ዘመን ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ኮዳ ድሮ የወታደርና የመንገደኛ ዕቃ ነበረ፤ አሁን የከተማው ሰው ሁሉ ዘማች ይመስል ኮዳውን አንጠልጥሎ መውጣት ጀመረ። በፋብሪካውም መጀመሪያ ጨርቅ ቆራጮቹ ይዘው መጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ቀጥሎ ኪስ ሰፊዋ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስለሚያቅለሸልሻት ሎሚ ቆራርጣ ትጨምርበታለች። ከአዳራሹ ጀርባ ደግሞ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተከምሮ አጥሩን ሊበልጥ ደርሶ ነበር፤ ግማሹም ሁለት ጉንጭ ተጠጥቶለት የተጣለ ነው። ተቆጣጣሪዋ ይህን እያየች ስትበሳጭ ከርማ፣ አንድ ቀን ለአለቆቹ፣ «የውሃ ማጣሪያ እንግዛ፤ ለሰዉም ኮዳ እንስጥ» አለች። ሐሳቡ ተወደደ። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ውስጥ ማጣሪያ ተተከለ፤ ሰማንያ የብረት ኮዳም መጣ።

በዚያው ቀን የንብረት ኃላፊው የውሃ ክፍሉን በሜትር ለካ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ባዶ ቦታ ሲያይ እንቅልፍ ከማይወስዳቸው ሰዎች አንዱ ነው። «ካርቶን ከቀረ ይሄ ለክር መጋዘን ይሆናል» አለ። «እርስዎም እትዬ፣ ብዙ ደክመዋል። ቤትዎ ገብተው ያርፋሉ።»

«ደግ ነው» አሉ እትዬ። ማረፍ ሲባል ግን ያ የግድግዳ ሰዓት ትዝ አላቸው።

አሁን የኮዳዎቹን ነገር ልንገራችሁ። ሰማንያውም አንድ ዓይነት፣ አንድ መልክ፣ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። በየመኪናው አጠገብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ አንድ የውሃ ጠብታ ገበር ላይ ካረፈ የማይለቅ ክብ እድፍ ይተዋል። ስለዚህ ሁሉም በሩ አጠገብ ባለ ረጅም መደርደሪያ ላይ ይሰለፋሉ። እንዴት ይለዩ? ልብስ ሰፊ ምልክት ሲያስፈልገው እጁ ወዴት ይሄዳል? ወደ ጠመኔው ነዋ። ሰማንያ ሰው ጠመኔውን አውጥቶ፣ አንዱ መስቀለኛ፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ የእጅጌ ቅርጽ በኮዳው ላይ አሠመረ። ልብስ ላይ ቢሆን እስከ ካውያው ድረስ ይቆይ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብረት ግን ያልበዋል። በአራት ሰዓት ሰዉ ሲመጣ ምልክቱ ሁሉ ነጭ እንባ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ፈሷል።

ምድር ቀውጢ ሆነች።

«ይሄ የኔ ነው።»

«በምን አወቅኸው? መታወቂያ አለው?»

«ጉንፋን ይዞኛል ብያለሁ፣ በኋላ በኔ እንዳታሳብቡ።»

መካኒኩ አንዱን አንስቶ ጠጣና ፊቱን አኮማተረ። «ሎሚ ነው። እንግዲህ እኔም አርግዣለሁ ማለት ነው።»

ኪስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ሌላ ሰው የጠጣበትን መንካት አቅቷት እስከ ማታ በጥማት ዋለች። በማግስቱ ግማሹ ሰው ከበሩ ውጭ ካለው ሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ገባ፤ ኮዳዎቹ በተሰለፉበት ቀሩ። የንብረት ኃላፊው መደርደሪያውን አይቶ፣ ተቆጣጣሪዋን በሰው ፊት፣ «አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። ካልሆነ ካርቶኑ ይመለሳል። ይህን ጣጣ ያመጣ ሰውም ለአለቆቹ መልስ ይሰጥበታል» አላት።

እትዬ በመስኮታቸው ሆነው ሰሙ። ካርቶኑ ይመለሳል! ካርቶኑ ከተመለሰ ክፍሉ ይኖራል፤ ክፍሉ ካለ እሳቸውም አሉ። ከሳቸው የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ኃጢአት ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያ ሲሉ ራሳቸውን አጽናኑ። መፍትሔው ከጠዋት ጀምሮ በጣታቸው ጫፍ ላይ ሲያሳክካቸው ነበር፤ ያንን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በምሳ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪዋ ብቻዋን መደርደሪያው ሥር ተንበርክካ አዩ። ስም ዝርዝር ይዛለች። ኮዳዎቹን አንድ በአንድ በቀሚሷ ጫፍ እያደረቀች፣ የሚጠፋውን ምልክት በጠመኔ ታሠምራለች። አጎነባበሷን እትዬ ያውቁታል። ያንኑ አንገት፣ ያንኑ ትከሻ፣ በሱሪዎቹ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከጎናቸው አይተውታል።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» አሉ ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

በገንዳው ሥር አንድ ያረጀ ቆርቆሮ ነበር፤ ጥንድ ያጡ፣ የንብረት ክፍሉ «ይወገድ» ብሎ የጣላቸው የልብስ ቁልፎች ያሉበት። ከቆራጮቹ ቁርጥራጭ የወገብ ላስቲክ ለመኑ። ኪስ ሰፊዋን በመስኮቱ ጠሯትና፣ «ልጄ፣ ሠላሳ መርፌ ክር አስገቢልኝ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ» አሏት። እሷም አልጠየቀችም፤ ሠላሳ መርፌ በአንድ እራፊ ጨርቅ ላይ ደርድራ ሰጠቻቸው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ ቤታቸው መስኮት ሥር፣ ፀሐይ ጭናቸው ላይ እስካለች ድረስ ሰፉ። መስፋት ዓይን አይፈልግም፤ ክር ማስገባት እንጂ። ላስቲኩን እንደ ቀለበት ገጥመው በያንዳንዱ ላይ ቁልፍ ይተክሉበታል፤ በኮዳው አንገት ሲጠለቅ ጥብቅ ይላል።

ቁልፎቹን በዘፈቀደ አልመረጡም። ለካውያ ተኳሹ የብረት ቁልፍ፤ እሱ ዘንድ ሌላው ይቀልጣል። ለመካኒኩ አንድ ጎኑ የተሸረፈ፣ እንዴትም ቢሰፋ ቀጥ የማይል። ለኪስ ሰፊዋ አንድ ትልቅና አንድ ሚጢጢ ቁልፍ፣ ጎን ለጎን። ሰኞ ጠዋት ስታየው፣ «ይሄ ምንድን ነው እትዬ?» አለች። «አንቺ አንድ ሰው ነሽ እንዴ?» አሏት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ኮዳውን እስኪጎድል ጠጣች።

በዚያ ቀን የተጣላ የለም። መካኒኩ ብቻ፣ «ለኔ የተበላሸ ዕቃ ሰጥተውኛል፣ አቤቱታ አለኝ» እያለ ኮዳውን ለሁሉም ሲያሳይ ዋለ።

ማክሰኞ አንድ ወረቀት መጣላቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አነበቡት። «እትዬ፣ ቁልፉን እስከ ስድስት ሰዓት ለንብረት ክፍል ያስረክቡ» ይላል።

ቁልፉን! ሳይጠይቁ ነበር የወሰዱት። ቢወገድም የፋብሪካ ንብረት ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ዘምዝመው በአንዲት መርፌ እንኳ ተጠርጥረው የማያውቁ ሰው፣ በስተርጅና በቁልፍ ሊጠየቁ ነው። ቆርቆሯቸውን ታቅፈው ወደ ንብረት ክፍል ሄዱና ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ቁልፎቹ እየተንከባለሉ የኃላፊው ወረቀት ላይ ተበተኑ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ቁልፉ ነዋ፤ የተረፈው። ሌላው በሰዉ ኮዳ ላይ ነው። ከፈለጉት ፈትቼ አመጣለሁ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው፤ ማንም አልላከኝም። ተቆጣጣሪዋ እንዳትነካብኝ።»

ሰውየው አንድ ቁልፍ አንስቶ አየ፤ እሳቸውን አየ። «እትዬ፣ እኔ የጠየቅኩት የበሩን ቁልፍ ነው።»

እትዬ ለአፍታ ደስ አላቸው። ወዲያው ነገሩ ገባቸው፤ ክፍሉ ለክር ሊሰጥ ነው። የልብስ ቁልፍ ቢሆን ይሻል ነበር። ከአንገታቸው የበሩን ቁልፍ አውጥተው፣ ከክብ ክቦቹ መካከል በቀስታ አስቀመጡት። «ይኸው። እግዜር ይስጥልኝ። እስከ ዛሬም ብዙ ጠጥቻለሁ» አሉ።

ተቆጣጣሪዋ በዚህ መካከል ገባች። በእጇ የብረት ቁልፍ የተሰፋበት ኮዳ ይዛለች። ክዳኑን ከፍታ ለንብረት ኃላፊው አቀረበችለት። «ያሽትቱት።»

አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ምን ሞቶበት ነው?»

«የካውያ ተኳሹ ነው። ትናንት ጠዋት ጭማቂ ሞልቶበት ረስቶታል። የታሸገውን ጠጥቶ ይጥል ነበር፤ ኮዳ ግን አይጣልም፣ ይታጠባል። ሰማንያ ኮዳ በየቀኑ ማን ያጥባል?»

«ባለቤቱ ነዋ።»

«በየትኛው ገንዳ? ለአዳራሹ ያለው ገንዳ አንድ ነው። እሱም እርስዎ ክር ሊያከማቹበት ባሰቡት ክፍል ነው ያለው። ማጠቡን ለሰዉ ከተውነው ደግሞ በወሩ ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን እንተኛለን። ኮዳውን ስጠይቅ እኔም ይህን አላሰብኩትም ነበር።»

ኃላፊው ኮዳውን ከፊቱ ገፋ አደረገ። ከዚያ አገጩን እያሻሸ፣ «ክሩን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ» አለ። «እትዬ፣ ቁልፉን ይያዙት።»

«የትኛውን?» አሉ እትዬ።

ሰውየው ጠረጴዛውን አየና ሳያስበው ሳቀ። «ሁለቱንም።»

ወደ አዳራሹ ሲመለሱ፣ ተቆጣጣሪዋ ቆርቆሮውን ተቀበለቻቸው። «ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ ካርቶኑ ይመለስልዎት ነበር። አላሰቡትም?»

«አስቤዋለሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አጎንብሰሽ አየሁሽ። ይሄ ዓይኔ ብዙ ነገር አያይም ልጄ፤ ያጎነበሰልኝን ሰው ግን አይስተውም።»

ልጅቱ ቆርቆሮውን በብብቷ ሥር አደረገች። ክንዳቸውን ይዛ፣ ደረጃ በሌለበት ቦታ ሁሉ ደረጃ እንዳለ አድርጋ እየደገፈች ወሰደቻቸው። እትዬም ተደገፉ።

አሁን ካርቶን የለም። ከሥራ መውጫ ሰዓት ጀምሮ ሰማንያ ኮዳ ገንዳው አጠገብ ይሰለፋል። እትዬ በሙቅ ውሃና በረጅም ብሩሽ ያጥቡታል፤ እንዲደርቅ ይደፉታል፤ ጠዋት ከማጣሪያው ሞልተው በመስኮቱ ያቀብሉታል። ፊት ቀና ብለው ማየት አያስፈልጋቸውም፤ አውራ ጣታቸው ቁልፉን ዳበስ ሲያደርግ አፋቸው ይናገራል፦ «ወገብህስ?» «ስንት ወር ቀረሽ?» ከዛሬ ነገ ትወልዳለች እየተባለ ነው።

ባለፈው ረቡዕ የንብረት ኃላፊው ራሱ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ መጣ። አዲስ ኮዳ ይዟል፤ አንገቱ ባዶ ነው። «የኔንስ ቁልፍ?» አላቸው።

እትዬ ቆርቆሮውን ሳቡና በጣታቸው ጥቂት አማሰሉት። አንዱን አነሡ፣ መለሱት። ሌላ አነሡ፣ እሱንም መለሱት።

«ጥቂት ቀን ይታገሡኝ» አሉት። «ገና እያወቅሁዎት ነው።»

«እጠብቃለሁ» አለ ሰውየው። እትዬም ኮዳውን ተቀብለው ሞሉለት።