የክት ጆሮ

የገብረ መስቀል ጆሮ እየከዳው መሆኑን ከራሱ በፊት የሁሩሙ ከተማ ሰው አወቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ «ባለወፍጮው እኮ ደነቆረ» ሲባባል እሱ «ዘንድሮ ሰው ምን ነክቶት ነው የሚያንሾካሹከው?» እያለ ይነጫነጭ ነበር። ስለ ማስፈጫው ሲጠይቁት ስለ ዝናቡ ይመልሳል። ሰው ሲስቅ ካየ ደግሞ ዘግይቶ አብሮ ይስቃል።

ጥፋቱ የናፍጣው ሞተር ነው። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲመጣ ልጅ እግር ነበር፤ ክልል የሚባለው ነገር በመጣ ሰሞን ሁሩሙ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፣ ኋላም የራሱን ተከለ። ዕድሜውን የጨረሰው ከዚያ ከሚያጓራ ሞተር ጋር ነው። «ኧረ ጥጥ እንኳ ወትፍበት» ሲሉት «ወፍጮዬ ሲያመው በምን ልወቅ?» ይላል። እሺ፤ ወፍጮው ዳነ፣ ጆሮው ሞተ።

ሰፈሩ መድኃኒት አዋቂ አላጣም። አንዷ የጤና አዳም ጭማቂ ጠብ አደረገችለት። ሌላው የሞቀ ዘይት ይሻልሃል አለው። ቡናና ማር የሚያመርተው ጎረቤቱ ቀነዓ ደግሞ ማር ጨምርበት አለ፤ ኢሉባቦር ውስጥ ማር የማያድነው ነገር አለ እንዴ! ማሩ ጉንዳን ጠራበት እንጂ ሌላ የፈየደው የለም። በመጨረሻ መቱ ሥራ የያዘችው ልጁ ሀሴት አባቷን እየጎተተች፣ እናቷን አልጣሽን አስከትላ፣ ከጆሮ ሐኪም ዘንድ አደረሰችው።

ሐኪሟ ዶክተር በምነት ትባላለች። መጀመሪያ ጆሮውን አጠበች፤ የዘይቱም የማሩም ዝቃጭ ወጣ። ከዚያ ጸጥ ያለ ክፍል አስገብታ ማዳመጫ ጭንቅላቱ ላይ አደረገችለትና ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ነገረችው። ገብረ መስቀል ቁልፉን ይዞ ብዙ ጊዜ ሳይጫነው ተቀመጠ። ሲወጣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ሳትጮህ፣ ቀስ ብላ አስረዳችው።

«በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ። የወፍጮው ጩኸት አብዛኞቹን ገድሏቸዋል። አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ጠብታም ኪኒንም አያስነሳቸውም፤ ዘይትና ማር ደግሞ ከእንግዲህ እንዳይሞክሩ! ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ግን የቀረ አለ። ለቀረው የመስሚያ መሣሪያ ይረዳዎታል። ጭራሽ ለጠፋበት ሰው በቀዶ ሕክምና ውስጥ የሚተከልም አለ፤ እሱ ሩቅ ነው፣ ወጪውም አይቀመስ። እርስዎ ገና እዚያ አልደረሱም።»

ቀጥላም ዋናውን ነገር ነገረችው። መስሚያው እንደ መነጽር አይደለም፣ እንዳጠለቁት ወለል አይልም። አእምሮ ድምፅን ረስቷል፣ እንደ ሕፃን እንደገና ይማራል። ስለዚህ ከቤት ይጀመራል፤ ጸጥ ባለበት፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በየቀኑ። ግርግር ያለበት ቦታ መጨረሻ ላይ ይደረሳል።

«ከሁሉ አስቀድመው ማንን መስማት ይፈልጋሉ?» አለችው።

«የእድሩን ስብሰባ!» አለ ገብረ መስቀል። «ሰው ፊት አፈርኩ እኮ።»

አልጣሽ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሣቅ አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

ሀሴት መሣሪያውን ከአዲስ አበባ አስመጣችለት። ታዲያ ሰውዬው ምን አደረገ? ቡፌ ውስጥ ከነካርቶኑ ቆለፈበት! ውሃ ከማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ጎን፣ እንደ ክት ልብስ። እኛ እንዲሁ ነን፤ ደህና ነገር እጃችን ሲገባ ለበዓልና ለእንግዳ ብለን እንደብቀዋለን፣ ለራሳችን አሮጌው ይበቃናል። ለሚካኤል ንግሥ አወጣው። ለሠርግ አደረገው። ለእድር ስብሰባም አጥልቆ ሄደ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ድምፅ ማጉያው፣ መቶ ሰው ባንድ ላይ ሲያወራ፣ ሁሉም ተደባልቆ እንደ ወፍጮው ጭንቅላቱ ላይ ወረደበት። አውልቆ ኪሱ ከተተውና ቤቱ ገብቶ «መስማት ያሉት ይሄን ነው? ይቅርብኝ!» እያለ መልሶ ቆለፈው።

አንድ ቀን አልጣሽ ቡፌውን ከፈተች። ካርቶኑን አሳየችው፣ ከዚያ ደረቷን መታ መታ አደረገች። ለኔም አድርገው እንጂ ማለቷ ነው፤ ገብቶታል።

«አንቺ ደግሞ!» አላት። «እንግዳ ነሽ እንዴ? ባትሪው በከንቱ ያልቃል።»

ሣቀችና ቡፌውን ዘጋችው። ሣቋን አየው እንጂ አልሰማውም። ከዚያ ወዲያ ደግማ አልጠየቀችውም። ሀሴት ግን በመጣች ቁጥር ትጨቀጭቀው ነበር፤ እሱ «እሺ፣ እሺ» ይላታል፣ ስትሄድ ያው ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ።

እውነቱን ለመናገር ያለ መስሚያው የተቸገረ አልመሰለውም። አልጣሽ በእጇ ትጠራዋለች፣ በዓይኗ ትነግረዋለች፣ እሱም ይገባዋል። ሲያገባት አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። አሁን ግን ረጋ ብላለች፣ ዕድሜ አበረዳት ብሎ አሰበ፤ ደስም ይለው ነበር። የሱን ዝምታ ለሷ ሰጣት። ወደ ማታ በረንዳው ላይ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ከጎን ሱቅ ያላት ሀያት ትመጣለች፣ ቀነዓም ከማሳው ሲመለስ ጎራ ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። ገብረ መስቀልም ራሱን እየነቀነቀ ይስቃል።

አልጣሽን ደም ግፊት ጣላት። ገበያ መሃል ወደቀች፣ መቱ አደረሷት፣ አልተመለሰችም። ለመሰናበት እንኳ ፋታ አላገኘችም።

ለቅሶም ትልቅ ጉባኤ ነውና መስሚያው ወጣ። ሀሴት ጆሮው ላይ አደረገችለት። ድንኳኑ ሙሉ የነበረ ጊዜ እንደ ወትሮው ጫጫታ ብቻ ነበር። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ሀያትና ቀነዓ ብቻ ቤት ውስጥ ሊያጫውቱት ቀሩ። ያው ወጉ ነው፤ ኀዘንተኛ እንዳይቆዝም ጨዋታ ያመጡለታል። ሀያት ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች።

«አንዲት ሴትዮ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ ወደ መቱ ትሄዳለች» አለች። «እግሯን በላትና ጎንበስ ብላ በደንብ አከከችው። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ምን ብትላት ጥሩ ነው? ‹እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ!›»

ገብረ መስቀል ሰማ። እያንዳንዱን ቃል። ድንገት ከት ብሎ ሣቀ፤ ሀሴት ደንግጣ ከጓዳ ወጣች።

«ማናት እሷ?»

«እትዬ አልጣሽ ናቸዋ!» አለች ሀያት። «በራሳቸው የደረሰ ነው።»

«መቼ ነው ያወራችው?»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ ባሉበት እኮ ነው። በረንዳው ላይ፣ ትከሻዎን ተደግፈው። እርስዎም ስቀው ነበር።»

«ዱጋ ነው» አለ ቀነዓ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። «እኔስ በዚህ መንገድ የምመለሰው እሷን ለመስማት አልነበር? ‹የእድራችን ሊቀመንበር ንግግር ሲጀምር ሬሳው ራሱ ቶሎ ቅበሩኝ ይላል› ያለችው ቀን ሆዴን ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት።»

«ሌላስ?» አለ ገብረ መስቀል።

ነገሩት። ሌላም ነገሩት። እንደ ለማኝ «ሌላስ? ሌላስ?» ይላል። ሀያት ሳታስበው «የኔ ባል ወርቅ ነው፣ ስሰድበው እንኳ እሺ ይለኛል» አልጣሽ የምትለውን ተናገረችና አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ግን አልተቆጣም። ሁሩሙ ሁሉ የሚያውቃት ተጫዋች ሴት ከሱ ጋር ኖራ፣ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እሱ ብቻ ሳያውቃት አመለጠችው። መስሚያው ደግሞ ይሠራ ነበር። ጸጥ ያለ ቤትና አንድ ሰው ብቻ ነበር የጎደለው። ቤቱም ነበረ፣ ሰውዋም ነበረች።

«ሀሴት» አለ። «ድምጿ እንዴት ሆኖ ነበር? ሰው ሲያረጅ ድምፁ ይለወጣል። የእናትሽ እንዴት ሆነ?»

ሀሴት ልትነግረው ሞከረች፤ ትንሽ ጎርነን አለች፣ ደግሞ ስትስቅ… አልቻለችም። ስልኳን አወጣችና ስትፈልግ ቆይታ አጠገቡ ቁጭ አለች። በመስከረም፣ ስልኩን አዲስ የገዛች ጊዜ ያነሳችው አጭር ቪዲዮ ነው። በረንዳው ይታያል። ገብረ መስቀል ወንበሩ ላይ ሆኖ መንገዱን ያያል። አልጣሽ ከበሩ ላይ ቆማ ቪዲዮ ለምታነሳት ልጇ በዓይኗ ጥቅስ እያደረገች ትጠራዋለች።

«ገብሬ!» ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ሣቅ ያፈነው ነው። «ገብሬ! አንተ ገብሬ!»

ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ዞር አላለም፤ መንገዱን ያያል።

«አቤት» አለ ገብረ መስቀል። ቪዲዮው ግን አልቆ ነበር።