ቡናማ ተብላ የተመዘገበችው አረንጓዴ መኪና

ግሌኒስ ፒጎት መኪናዋን የገዛችው ሊብሬውን ሳታነብ ነው። እሷን አልወቅሳትም፤ ልቧ ጠፍቶ ነበር። እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ፣ ልቤ ከኔው ጋር እያለ፣ ሊብሬው ምን ሊል እንደሚችል እየጠረጠርኩ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ ይሄ ዝምታ ነው፤ የኔም፣ የመሰሎቼም።

እንግሊዝ አገር፣ ቲፕተን ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። እኔ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነኝ። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተማሪ አሻጋሪ ነበረች። ደማቅ ቢጫ ካፖርቷን ደርባ፣ ጫፉ ላይ ክብ ምልክት ያለበትን ዘንግ ይዛ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ መንገድ መሃል ትገተራለች፤ የጭነት መኪናውም፣ የሀብታሙም፣ የፖሊሱም ቀጥ ይላል። በዝናብ። ያውም በእኛ ዝናብ። ስልሳ አራት ዓመት ሲሞላት አበባና አንድ ትልቅ ኬክ ሰጥተው ሸኟት። ኬኩን እየበላን "አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው መኪና ሳስቆም ኖርኩ፤ አሁን ደሞ እስቲ እኔን የሚያስቆመኝ ይምጣ!" አለችኝ።

የምትፈልጋትን መኪና ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። በሃምሳዎቹ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ትሮጥ የነበረች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ በር የሌላት፣ ጣሪያ የሌላት። እውነተኛዋ ዛሬ የምትሸጠው የሰፈራችንን ቤቶች በሙሉ በሚገዛ ገንዘብ ነው። ግን ቅጂ አለ። እኛ ጋ ግማሹ ወንድ ጓሮው ውስጥ ጀምሮ ያልጨረሳት መኪና አለችው። ሞተርና ማርሹን ካረጀ የቤት መኪና ይነቅላል፣ ሻንሲ ይበይዳል፣ ላዩን የፋይበር ገላ ያለብሰዋል፤ ሲሰለቸው ወይም ሚስቱን ሲሰለቻት ይሸጠዋል።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ ተጎታች ተከራይተን ኪደርሚንስተር ሄድን። ሻጩ ኔቪል ክራም የሚባል፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ባወራ ቁጥር እጅ የሚጨብጥ ሰው ነው። የጋራዡን በር ወደ ላይ ሲገፋው ግሌኒስ "ወይኔ!" አለች። መኪናዋ አረንጓዴ ነበረች፤ ዝናብ ያረፈበት ሣር የመሰለ አረንጓዴ።

"ግቢባት እንጂ፣ እመቤት" አለ ኔቪል።

"በሩ የታል?"

"በር የላትም። እግርሽን አንስተሽ መሻገር ነው።"

"እኔ? በዚህ ጉልበቴ?" አለች፤ ሳትጨርሰው አንዱ እግሯ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው አልከተል ብሎ አየር ላይ ቀረ። ከኋላ ገፋኋት። መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ኔቪል ሞተሩን ሲያስነሳው ጋራዡ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ግሌኒስ ሳቀች። ስንት ዓመት በግድግዳ ስሰማት ኖሬ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

"ወረቀቷስ?" አልኩ፣ ለማለት ያህል።

"ንጹሕ ነው! አርባ ዓመት ስላለፋት ግብር የለ፣ ዓመታዊ ምርመራ የለ። ነጻ ናት፣ ወንድሜ።"

አያችሁ? መኪናዋ ከተገጠመች አሥር ዓመት አይሞላትም። አርባ ዓመት ያለፈው ሞተሩ የተነቀለበት የቤት መኪና ነው፤ ሊብሬው የሱ ነው፣ ቁጥሩ የሱ ነው፣ ከግብር ነጻ መሆኑም የሱ ነው። ይህን እጁ ሞረድ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ጡረታ ስትወጣ በአንዴ የተሰጣትን፣ ስምንት ሺህ ፓውንድ፣ ከስልኳ ላከች። እኔ ከሥር ገብቼ ሻንሲውን አየሁና "ብየዳው ደህና ነው" አልኩ። ደህናም ነበር። ውሸት አልተናገርኩም፤ እንዲያ እያልን ነው ራሳችንን የምናጽናናው።

ቤት ደርሰን መኪናዋን ጓሮዋ ውስጥ ካስገባን በኋላ ሻይ አፈላች። መነጽሯን አድርጋ ሊብሬውን ማንበብ ጀመረች።

"ስማ፣ እዚህ ላይ 'ባለ አራት በር' ይላል።"

"እ..."

"ቀለም፣ ቡናማ።" በመስኮት ወደ ጓሮው አየች። "ሁለት በር ቢጠፋ እሺ። አራቱም?"

ነገርኳት። ሁሉንም። ራሴን ስሰማው ኬክ የሰረቀ ልጅ መሰልኩ።

"አንተ ይህን ታውቅ ነበር?"

"ጠርጥሬ ነበር። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚነዳው፣ ግሌኒስ።"

"ስለ ሁሉም ጠየቅኩህ? ኢንሹራንሱ የሚያውቀው የትኛዋን ነው?"

"ቡናማዋን።"

"እኔ በአረንጓዴዋ ልጅ ብገጭስ?" መነጽሯን አወለቀች። "'ይቅርታ፣ ልጁን የገጨችው የሌለች መኪና ናት' ነው የሚሉት?"

"ኔቪል ብሩን እንዲመልስ እንደውልለት።"

"መመለስ?" ስኒዋን ቁጭ አደረገች። "ድምጿን አልሰማህም እንዴ? አልመልሳትም። በራሷ ስም ነው የማስመዘግባት።"

ሰኞ ዕለት በእጇ ደብዳቤ ጻፈች። "ክቡራን ሆይ፣ መኪናዬ ቡናማ አይደለችም" ብሎ ይጀምራል። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የድሮው ምዝገባ ተሰርዟል፤ መኪናዋ በቤት ለተገጠሙ መኪኖች የሚሰጠውን ፈተና ካለፈች አዲስ ታርጋ ታገኛለች፣ ካላለፈች መንገድ አትወጣም። በቃ። ወይ መኪና፣ ወይ ስምንት ሺህ ፓውንድ የወጣባት የጓሮ ጌጥ።

እሑድ እኩለ ቀን የተገጣጣሚ መኪና ማኅበራችን የሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት ይዤያት ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ክላይቭ ትራንተር ነው፤ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ ሕጉን ከነአንቀጹ በቃሉ የሚያውቅ። ስትነግረው ቢራውን ሊተፋው ደረሰ።

"ራስሽን ከሰስሽ? ቤትሽ መጥቶ የጠየቀሽ ሰው ነበር?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን አስቀባጠረሽ!"

"ቡናማ አይደለችማ።"

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ክላይቭ ግን ደግ ሰው ነው፤ ያንን ነው የማልችለው፣ ደግነታቸውን። "እሺ፣ የሆነው ሆኗል። ሣጥኑን አምጡላት" አለ።

ሣጥኑ የማኅበሩ ሀብት ነው። ፈተናው የሾለ ነገር አይወድም፤ ሰው የሚነካው ብሎን፣ ጠርዝ፣ ጫፍ ሁሉ መደብዘዝ አለበት። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ የጎማ ጠርዝ በጥቅል፣ የብሎን ቆብ በከረጢት፣ ትልልቅ ስፔኪዮዎች ሳይቀሩ አሉ። የተፈታኝ መኪና ላይ ይለጠፋል፣ መኪናዋ ታልፋለች፣ ከፈተናው ጣቢያ ወጥታ ገና መንገዱን ሳትታጠፍ ይላጣል፣ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። የሚሸፋፍናቸው አሮጌ ሊብሬ ያጡ አሥራ አራት መኪኖች በዚያች ሣጥን አልፈዋል። አሥራ አራቱም ዛሬ ብሎናቸውን አግጥጠው ከተማ ውስጥ ይዞራሉ።

ግሌኒስ አንድ የብሎን ቆብ አንስታ በጣቷ ጨመቀችው።

"ክላይቭ፣ ሆዴ፣ ይሄ ለምንድን ነው?"

"የሾለው እንዳይታይ።"

"እንዳይታይ ነው፣ እንዳይወጋ?"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም። ከፈተናው ማግስት ልጁ ግንባሩ ላይ ጎማ ያበቅላል?"

"ምን ልጅ? የትኛው ልጅ?"

"እኔ ሲሮጡ ነው የማውቃቸው" አለችና ቆቡን ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። "የኔን እኔው አደበዝዛታለሁ። ለሁልጊዜ።"

"ዓመት ይፈጅብሻል!" አላት አንዱ ከወዲያ።

"ሥራ ፈት ነኝ እኮ፣ ጡረተኛ!"

ዓመት አልፈጀም። አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። ፈታኙ የሾለ ቦታ ለመፈለግ መኪና ላይ የሚያንከባልለው ኳስ አሥር ሳንቲሜትር ነው ስላልኳት ልክ ያንን የሚያህል ኳስ ፈልጋ አገኘች፤ ጠመኔ ትቀባውና መኪናዋ ላይ ታንከባልለዋለች። ጠመኔው የነካው ቦታ ሁሉ ሰው ሊነካው ይችላል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ጣቷን ታሳርፋለች፣ ጣቷ ቅር ካለው ሞረድ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ከዚያ እንደገና ኳሱ። ሹል ብሎኑን በሙሉ አውጥተን ራሱ ክብ በሆነ ተካን። ቆርቆሮ የሆነውን ክፍሏን ጠርዝ ውስጡ ሽቦ አስገብተን ጠቀለልነው፤ ያንን እኔ ሠራሁላት፣ ማሳጅ የሚያስፈልገው ትከሻ ይዤ። የማርሚታውን ሆድ ከፍተን ድምፅ መዋጫውን አደስን። ቅዳሜና እሑድ ከግድግዳው ወዲያ የሞረድ ድምፅ እየሰማሁ ነበር የምነቃው፤ ወደ ጓሮዋ ስሄድ እሷ ኩርሲ ላይ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋ ጠመኔ ለብሶ፣ "ና ንካ! ና ንካ ይቺን!" ትለኝ ነበር። ነካኋት። እንደ ሳሙና።

ሰኔ ላይ ፈተናው ደረሰ። በተጎታች ወሰድናት። ፈታኙ ሚስተር ጊል፣ ጥምጣሙ ከሥራ ልብሱ ጋር አንድ ዓይነት ሰማያዊ የሆነ፣ የማይስቅ ሰው ነው። ፍሬኑን ፈተነ፣ መብራቱን፣ የወንበር ቀበቶውን። ከዚያ የድምፅ መለኪያውን ከማርሚታው አጠገብ ተከለ። ከዘጠና ዘጠኝ ዴሲቤል ካለፈ ወደቀች። ሞተሩ ሲጮህ ግሌኒስ እጄን ያዘችኝ፤ የጥፍሯ ምልክት አሁንም ይታያል።

"ዘጠና ስምንት" አለ ሚስተር ጊል።

ከዚያ ኳሱን አወጣ። አፍንጫዋ ላይ ጀመረ፤ ወደ መብራቱ፣ ወደ ኮፈኑ፣ ወደ ጎኗ። ቀስ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀስ። አንዴ ቆመና ጎንበስ ብሎ ከጠርዙ ሥር በጥፍሩ ጎተተ፤ የሚላጥ ነገር እየፈለገ ነበር።

"ጎማው የታለ፣ ሚሲስ ፒጎት?"

"የለም፣ ጌታዬ።"

"ተለጥፎ የሚነሳው።"

"የሚነሳ ነገር የለባትም። ሞርጃት ነው።"

ቀና ብሎ አያት። ኳሱን ማንከባለሉን ቀጠለ። የግራ ስፔኪዮው ክንድ ከገላዋ ጋር የሚጋጠምበት ላይ ኳሱ ተያዘ። ከኪሱ ትንሽ መለኪያ አወጣና ጠርዙ ላይ ገጠመው። አነሳው፣ እንደገና ገጠመው። እኔ ያንን ቦታ አውቀዋለሁ፤ የክንዱን እግር የበየድኩት እኔ ነኝ።

"እዚያች ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ" አለች ግሌኒስ።

"ሁለቴ በቂ ነበር" አለ ሚስተር ጊል፣ መለኪያውን ኪሱ እየከተተ። ከዚያ ወረቀቱን ፈረመ። "አልፋለች።"

ግሌኒስ አቀፈችው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት እንዴት እንደሚታቀፍ አያውቅም፤ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ ኳሱን እንደያዘ፣ እስክትለቀው ቆመ።

ታርጋው በአሥረኛው ቀን መጣ። ኪው በሚለው ፊደል የሚጀምር ነው፤ ዕድሜውና ትውልዱ በውል ለማይታወቅ መኪና የሚሰጥ። ማኅበራችን ውስጥ ያ ፊደል እንደ ቆሻሻ በሽታ ነው የሚታየው። እሑድ ራሷ የታርጋውን ብሎን አጥብቃ፣ እኔን ከጎኗ አስቀምጣ መጠጥ ቤቱ ግቢ ስትገባ ክላይቭ ገና ከሩቅ አየው።

"ኪው!" አለ፣ ራሱን እየያዘ። "ግሌኒስ፣ የዋጋዋ ሲሶ ሄደ እኮ። ሁሉም ሰው ምን እንደሆነች በአንድ እይታ ያውቃል!"

"ምን እንደሆነች?"

"በጓሮ የተገጠመች መሆኗን!"

"ናት እኮ!" አለች ግሌኒስ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ። "ዕድሜዋ አይታወቅም የሚለውም እውነት ነው፤ እኔም የኔን ለማንም አልናገርም። ደሞ ማን ይሸጣታል አለህ?"

"ለነገሩ ነው..."

"ክላይቭ፣ ያንተዋ ሊብሬ ላይ ስንት በር ነው ያላት?"

ክላይቭ ቢራውን ተጎነጨ። ሌሎቹም ቢራቸውን ማየት ጀመሩ። ጠረጴዛ ሙሉ ሰው፣ ሕግ በቃሉ የሚያጠና፣ ልጅና የልጅ ልጅ ያለው፣ ሚዛናዊ ሰው ሁሉ፣ አንዲት የተማሪ አሻጋሪ ፊት አንገቱን ደፋ። ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ብዙ የምለው ነበረኝ። ቢራ ይዤ ልምጣና ልጀምር ብዬ ከመኪናዋ ወረድኩ።

ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ከኋላዬ ሞተሩ ጮኸ። ዞር ስል አረንጓዴው ጀርባዋ ከግቢው በር ወጥቶ ወደ ግራ ታጠፈ። ማርሽ ስትቀይር ሰማን፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀጥሎ አራት። ከዚያ ድምጿ ከድልድዩ ወዲያ ቀጠነና ጠፋ። የግሌኒስ ቦርሳ ከነሳንድዊቹ እኔ እጅ ላይ ነበር።

"ረሳችህ" አለኝ ክላይቭ።

ረሳችኝ። በሁለት አውቶቡስ፣ እየተናደድኩ፣ ደግሞ ብቻዬን እንደ ጅል እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ። እራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ወጣሁ። ፊቷ ቀልቷል፣ ጸጉሯ እንደ ኩርንችት ቆሟል፣ ግንባሯ ላይ ዝንብ ተጨፍልቋል። መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ነበር፤ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት መውጣት አቅቷታል።

"ሆዴ፣ ይቅርታ! ለካ አንተ ወርደህ ነበር?"

"በሁለት አውቶቡስ ነው የመጣሁት! የት ጠፍተሽ ነው?"

"ባሕሩ ድረስ።"

"የቱ ባሕር?"

"መንገዱ ያለቀበት" አለችና ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። "ና ጎትተኝ።"