የሰማንያ ቀን እናት

በረኪና ሲሸተኝ አሁንም ወደ ላይ ይለኛል። የፔንሲዮን ደረጃ በሚታጠብበት ሰዓት ካለፍኩማ ያ ሽታ እጄን ይዞ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ይመልሰኛል። ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ አልጋ አንጣፊና አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ሆዴን በሰፊ ሽርጥ ሸፍኜ፣ ባልዲው አጠገብ እያስመለሰኝ፣ "ጨጓራዬ ነው" ስል ሰው ያታለልኩ ይመስለኝ ነበር።

እርጉዝ ነበርኩ። ያስረገዘኝ ሰውዬ ስልኩን ቀይሮ ከሰፈር ጠፋ። ሆዴ ሲገፋ አሠሪዬ አሰናበተኝ። አከራዬም "ሕፃን የሚያለቅስበት ቤት አላከራይም" አለችኝ፣ ድምፅዋ እንኳ ክፉ አልነበረም። አገር ቤት መመለስ የማይታሰብ ነው፤ አባቴ ያለ ባል ያረገዘች ልጅ ከሚያይ ሬሳዬ ቢመጣለት ይመርጥ ነበር። ልንገርሽ፣ ተስፋ መቁረጥን ያወቅኩት ያን ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ተኝቼ፣ ልጁን የትኛው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብተወው ሰው ቶሎ ያነሣዋል እያልኩ አማርጥ ነበር። አዎ፣ በር አማርጥ ነበር።

ይህን ሐሳብ ከአፌ ያወጣችው ለክትትል የሄድኩበት ጤና ጣቢያ የነበረች የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ናት። በሩን ዘጋች፣ ለቅሶዬን አስጨረሰችኝ፣ ከዚያ ያለኝን ምርጫ ነገረችኝ። ራሴ ላሳድግ ብል ከነልጄ የሚያስጠጋኝ ቤት ትፈልግልኛለች። ዘመድ ካለኝ ዘመድ ይቀበላል። እስክቋቋም በአደራ የሚይዝ ቤተሰብም አይጠፋም። ይህ ሁሉ ካልሆነ ጉዲፈቻ አለ፤ ወይ እዚሁ አገር ውስጥ ወይ ወደ ውጭ። ወደ ውጭ መስጠት ያኔ ገና አልተከለከለም ነበር።

"በቃ፣ ዛሬውኑ ልፈርምና ይውሰዱልኝ" አልኳት።

"ቆይ የኔ እህት፣ ቀስ በይ። መጀመሪያ ትወልጃለሽ፣ ታይዋለሽ። ፍርድ ቤትም ራስሽን ይጠይቅሻል። ሐሳብሽን ብትቀይሪ ማንም አይቆጣሽም። ማለቴ፣ ልጅሽ ነው።"

እስከዚያ ቀን "ልጅሽ" ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሰው ስለ ሆዴ ነበር የሚያወራው።

አውሮፕላን ስለሚወስደው ልጅ ማሰብ አቃተኝ። ብቻዬን ማሳደጉንም አሰብኩት፤ በየት በኩል? የአገር ውስጡን ጉዲፈቻ መረጥኩ። ባለሙያዋ ኦሎምፒያ አካባቢ ጨርቅ ከምትሸጥ ወይዘሮ ጋር አገናኘችኝ፤ ከባሏ ጋር ልጅ ሲለምኑ ዘመናቸው ያለፈ ሰዎች ናቸው። ሆዴን ታያለች ብዬ ስሸማቀቅ ወይዘሮዋ ያየችው እግሬን ነበር፤ አብጧል። "ይቺ ልጅ የት ነው የምትታረሰው?" ብላ ባለሙያዋን ጠየቀቻት። "አራስማ ሜዳ ላይ አትጣልም። እኔ ቤት ትታረሳለች።"

ሴት ልጅ ወለድኩ። ወይዘሮዋ ገንፎ አገነፋችልኝ፣ አናቴን ቅቤ ቀባችኝ። ጎረቤቶቿ እየተከታተሉ ገብተው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝ። የማን ልጅ ለማን እንደተወለደች ያውቃሉ፤ አንዷም አልጠየቀችኝም። ጧት ጧት ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ የልጅቷ ጆሮ ላይ ስታርፍ ጆሮዋ ቀይ ሆኖ ያበራል። እኔ አጠባታለሁ፣ ወይዘሮዋ ታስገሳታለች። ፍርድ ቤት ቀርቤ፣ ጉዲፈቻው ምን ማለት እንደሆነ ዳኛዋ ስትጠይቀኝ "ገብቶኛል" ያልኩትም በነዚያው ሳምንታት ነው። ገብቶኝ ነበር፤ ገብቶኝም ቤት ተመልሼ አጠባኋት።

አንድ ቀን ልጅቷን እያጠብን ወይዘሮዋ "ክርስትናዋን የምታነሻት አንቺ ነሽ" አለችኝ። "የክርስትና እናቷ ከሆንሽ እንደፈለግሽ እየመጣሽ ታያታለሽ። የክርስትና እናት እኮ እንግዳ አይደለችም፣ ማን ምን ይልሻል?"

ያንን ተስፋ እንዴት ጨበጥኩት መሰለሽ! ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም የኖርን፣ ይፈቀድ እንደሆን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅንም።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የዚያን ቀን ማለዳ ነጭ ለብሼ፣ ከውሃው ስትወጣ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ሲነካት ጮኸች። እሷ ጮኻ ጡቴ መቼ ዝም ይላል! ወተቱ ቀሚሴን አልፎ ነጠላዬን አራሰው። ቄሱ አዩ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ የወለደች እናት የክርስትና እናት አትሆንም" አሉኝ።

"አባቴ፣ እናቷ እኮ እሳቸው ናቸው" አልኩ ወደ ወይዘሮዋ እያሳየሁ። "እኔ ምኗም አይደለሁም።"

ከራሴ አፍ ስሰማው የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ። አንዲት ጎረቤት ፈጠን ብላ ልጅቷን ተቀበለቻት፤ የክርስትና እናቷም እሷ ሆነች።

ግቢውን ስንወጣ ወይዘሮዋ ክንዴን ይዛ "ቤቴ ቤትሽ ነው፣ እንዳትጠፊ" አለችኝ። ከልቧ ነበር። እኔ ግን ምኗ ነኝ ብዬ ልግባ? የዚያኑ ዕለት ወጣሁ። ወተቴ እስኪደርቅ ደረቴን በሻሽ አስሬ ሰነበትኩ፤ ያንን ሕመም ለጠላቴም አልመኝም። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮዋ በየዓመቱ ፎቶዋን በስልክ ትልክልኛለች። ከፍ ስትል አብረን እንነግራታለን ተባብለናል።

ያ የተከራየሁት ጓዳ ዛሬ ፈርሶ መንገድ ሆኗል። እኔም ወፈር ብያለሁ፣ ከዕድሜዬ በላይ እመስላለሁ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ከደምበል ፊት ለፊት አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ሰው ጢም ብሏል፣ ከባድ ዘንቢል ይዣለሁ። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ብድግ አለችልኝ። ወዲያው አወቅኋት። ከፎቶዋ ይልቅ ቁመት ጨምራለች፤ ቅንድቧ ቁርጥ የአባቴ ነው።

"እዚህ ጋ ይቀመጡ" አለችኝ።

እንዴት ያለ አስተዳደግ ነው ያሳደገቻት! ወይዘሮዋን በልቤ መረቅኋት። ልጅቷን ግን "ተባረኪ" ብቻ አልኳት። በሚቀጥለው ፌርማታ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ወረደች። ወንበሩ ገና በሷ ሙቀት ይሞቅ ነበር። እስኪበርድ ድረስ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።