እሳት የሌለው ስንቅ

ትናንት የልጅ ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ወረቀት ይዛ ካርቲየ 4 ሰፈር እቤቴ መጣች። «እማማ፣ አለቃዬ ዓላማሽና ሥራሽ አልተገናኙም ብሎ እቅዴን መለሰብኝ» አለችኝ። ፊቷ ቅጭም ብሏል። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ያንን ንዴት በሃያ ዓመቴ ቀምሼዋለሁ።

ያኔ በዐቢይ ጾም ባቡሩ የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎችን ከአገር ቤት አምጥቶ፣ መርከብ እንዲሳፈሩ እዚህ ጅቡቲ ያወርድ ነበር። አንድ ዓመት እናቴም መጣች። እናቴ ብትሞት ጾም አትገድፍም፤ የመርከቡ ምግብ ደግሞ ሥጋና ቅቤ ነው ተባለ። ስንቋ በእኔ ላይ ወደቀ። ወገቤን ታጠቅሁ! ሽሮ አስፈጨሁ፣ በርበሬ ደለዝኩ፣ ምስር ለቀምኩ። ላቤ እየተንጠፈጠፈ ፀሐዩን ስረግም ሰነበትኩ።

መርከቡ ሊነሣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የባቡሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ የነበሩት ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ብቅ አሉ። ከረጢቶቹን አየት አድርገው፣

«ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«እናቴ ጾሟን ሳትገድፍ ኢየሩሳሌም እንድትገባ ነዋ!»

«ጎሽ! ሽሮው ተፈጨ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሠርታ ትበላለች።»

«በምን እሳት? ካፒቴኑ ጉልቻ ያበጅላታል?»

ክው አልኩ። መርከብ ላይ ለመንገደኛ እሳት እንደማይፈቀድ ለካ አንዳችንም አላሰብንም! እቤታችን ጾመኛ የሚበላው ሽሮ ነው፤ በቃ። ከማፈሬ ብዛት፣ «እርስዎ መቼም ነቀፋ አይጠፋዎትም!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

እሳቸው እቴ! በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «ከእናትሽ አፍ ጀምረሽ ወደ ኋላ ነይ። እዚያ የማይደርስ ነገር ድካም እንጂ ሥራ አይባልም» አሉኝ።

እያኮረፍኩ ጀመርኩ። ሳይበስል የሚበላ፣ ሳምንት ቢቆይ የማይሻግት። እንጀራ ጋግረን፣ ቆራርሰን ለድርቆሽ ጣሪያ ላይ አሰጣን፤ ያ የረገምኩት ፀሐይ በግማሽ ቀን ኩርምሽምሽ የሚል አደረገው። ገብስ ቆልተን በሶ አስፈጨን፣ ዳቦ ቆሎም ጨመርን። ጋሽ ወልዴ በዚያ ሐሩር ጣሪያ ላይ ሆነው ቁራ ሲያባርሩ ዋሉ።

እናቴ ከፋሲካ በኋላ ተመለሰች። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ይስቃል። «ጾሜን ኢየሩሳሌም ገብቼ ፈታሁ። ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ጋሽ ወልዴ አጠገባችን ቆመው ነበር። እኔ ምርቃቱን ብቻዬን ተቀበልኩ፤ ስማቸውን አላነሣሁም። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ዓመት ሳይሞላ አረፉ። ትናንት ይህን ለልጅ ልጄ ስነግራት እንባዬ መጣ። ጋሽ ወልዴ፣ ያ ምርቃት የእርስዎ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።