የትኛው ሴን ሲር?

ኮሎምበስ፣ ሪከንባከር በሚባለው አካባቢ ባለው መጋዘናችን የፈረንሳይ መስመር ሊድ፣ የቡድን አለቃ ሳለሁ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የማስተምረው አንድ ዘዴ ነበረኝ። ካርቶኑን ስካን ታደርጋለህ። ወረቀቱ ተቀዶ ወይም ርሶ ማሽኑ አላነብም ካለ የከተማውን ስም በእጅህ ትጽፋለህ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ከተማ በቅዱስ ስም የተሰየመ ነው የሚመስለው፤ ቅዱስ ለማለት "ሴን" ብለህ ከጀመርክ ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ስም ከላይ እስከ ታች ይደረደራል። ያን ጊዜ አትጨነቅ፣ የመጀመሪያውን ተጫንና እለፍ። ይህን የምለው በኩራት ነበር፤ መስመራችን ከመጋዘኑ ሁሉ ፈጣኑ ነበርና። ተሳስቶ የሄደው ዕቃ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል፣ ማን እንደላከው ግን ማንም አይጠይቅም።

ጋሼ ይህን ዘዴዬን ገና በመጀመሪያው ቀን አልቀበልም አለ። ስድሳን ያለፈ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና "እርስዎ" ብዬ ስጀምረው፣ "አቦ ተይኝ፣ ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚባል ሰው የለም" አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንተ እንዳልኩት ቀረሁ። ዲቪ ደርሶት ከሚስቱ ጋር ኮሎምበስ እስኪመጣ ድረስ ዕድሜውን የፈጀው በምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ነው። በልጅነቱ የፈረንሳይ መነኮሳት ትምህርት ቤት ተምሯል። ባቡሩም ደብዳቤውን፣ ደረሰኙን፣ ስድቡን ሳይቀር በፈረንሳይኛ ነበር የሚሠራው። ስለዚህ እኛ እንደ ሥዕል የምናልፈውን አድራሻ እሱ ያነበዋል። ያነበዋል ስል ድምፁን አውጥቶ ነው፤ መጀመሪያ የሰውየውን ስም፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ቀጥሎ የፖስታ ቁጥሩን፣ በመጨረሻ ከተማውን። ከዚያ በኋላ ነው የሚጫነው።

እውነቱን ለመናገር በጣም ያናድደኝ ነበር። ሬቱ፣ ማለትም በሰዓት የሚያሳልፈው የካርቶን ብዛት፣ በየቀኑ ስክሪኑ ላይ በቀይ ይወጣል። የእሱ ቀይ ደግሞ መስመሩን በሙሉ ወደ ኋላ ይጎትታል።

አንድ ቀን ጠዋት ትዕግሥቴ አለቀና አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። በእጁ የያዘው ካርቶን ሴን ሲር ወደሚባል ከተማ የሚሄድ ነበር።

"ጋሼ፣ የመጀመሪያውን በለው በቃ፣ ሬትህ ወርዷል" አልኩት።

"የመጀመሪያው ሉዋር የሚባለው ወንዝ ላይ ያለው ነው። የዚህ ቁጥር ግን በሰማንያ ሦስት ይጀምራል። ሰማንያ ሦስት ደቡብ ነው፣ ባሕሩ ዳር። አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?"

"እሱን ከዚህ ምን አገናኘው?"

"ሴን ሲር እኮ የእናንተው ቂርቆስ ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር መከራ ያየው ሕፃን። መነኮሳቱ በየዓመቱ ታሪኩን ያነቡልን ነበር። ወላሂ፣ እስላም ለክርስቲያን ቅዱሷን ሲያስተዋውቅ የትም አላየሁም።"

ተወልጄ ያደግሁት ቂርቆስ ሰፈር ነው። "የት ሰፈር ነሽ?" ሲሉኝ "ቂርቆስ" ስል ኖሬያለሁ፤ በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ይህንኑ መልስ የሚመልሱ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ግን አላውቅም ነበር። አንደኛው ቂርቆስ ወንዝ ላይ፣ ሌላኛው ባሕሩ ዳር፣ ሌላኛው ደግሞ ትምህርት ቤት ያለበት ተብሎ ይለያል። እኛስ ምን እናደርጋለን? መድኃኔዓለም የሚሄድ እንግዳ መንገድ ቢጠይቀኝ፣ የቦሌው ነው የቀራንዮው ሳልል ታክሲ ላይ አላሳፍረውም። የሰውን ዕቃ ግን ለዓመታት እንዲያ ሳሳፍር ነው የኖርኩት። ደነገጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክንያት እየፈለግሁ አጠገቡ እቆም ነበር። ሴን ዦርዥ ሲመጣ "ጊዮርጊስ" ይለኛል፣ ሴን ዣን ሲመጣ "ዮሐንስ"። ሰዎቹም በቅዱሳን ስም ይጠራሉ። አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ የቤተሰብ ስሟ ሴን ማርታን፣ የምትኖረው ሴን ሲር። ከእኛ አንዱ ስሟን ከከተማ ቆጥሮት ካርቶኗን ካሪቢያን ውስጥ ያለች ሴን ማርታን የምትባል ደሴት ሊልከው ሲል ጋሼ ከእጁ ነጠቀው። "ሴትዮዋ መች ዋና እሄዳለሁ አለች" አለ። እኔ በጣም ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። የማያውቃትን ሴት ሲያስብላት ሳይ ቀናሁበት፤ እኔ በዚያ ሥራ አንድም ሰው አስቤ አላውቅም ነበር።

ሬት ግን ይህን ሁሉ አያይም። ጋሼ ሁለት ራይት አፕ፣ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ፈርሟል፤ ሦስተኛውን የፈረመ ይሰናበታል። የሚስቱ ኢንሱሊን የሚገዛው በዚህ ሥራ ኢንሹራንስ ነው፤ ሥራው ሲሄድ እሱም ይሄዳል። በጨነቀኝ ጊዜ አንድ ነገር ዘየድኩ።

"ከእኔ ካርቶኖች ጥቂቱን በአንተ የሠራተኛ ቁጥር ስካን ላድርግልህ። ወንፈል በለው" አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "ያላነበብኩትን በስሜ አትላኪ" አለኝ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዓርብ ዕለት ማናጀሩ ጠራኝና ሦስተኛውን ወረቀት ሰኞ እንዳስፈርመው ነገረኝ። ማናጀራችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥር ታዝዞ ቁጥር የሚያዝ ሰው ነው። ከፈረንሳይ የተመለሱትን ዕቃዎች ዝርዝር አውጣልኝ ብዬ ለመንኩት። ስንፈልግ የጋሼ ቁጥር ያለበት አንድም አላገኘንም። የእኔ ነበር፣ ያውም ደጋግሞ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት እኔ ነኝ። ማናጀሩ ዝርዝሩን አየና፣ ጥሩ ነው፣ ሬት ግን ሬት ነው አለኝ።

"ፕሮብለም ጠረጴዛ ብናስቀምጠውስ?" አልኩት። በእጅ የተጻፉት ካርቶኖች ሁሉ ከመጫናቸው በፊት በዚያ ጠረጴዛ በኩል ያልፋሉ፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ሬት አይቆጠርበትም። ጠረጴዛው ግን የሊዱ ነው፣ ማለትም የእኔ። ወደ ስካነሬ ለመመለስ ስለምቸኩል ካርቶኖቹን ሳላያቸው ነበር የማሳልፋቸው።

"ለአንድ መስመር አንድ ሰው ነው የሚፈቀደው። ሊዱ ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ እሱ" አለኝ ማናጀሩ።

ወዲያው እሺ አልኩ ብል ደስ ባለኝ፤ አላልኩም። ሁለት ቀን ኢስትሙር ሰፈር ቤቴ ውስጥ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ሊድ ብቻ የሚለብሰውን አረንጓዴ ሰደርያ ለመልበስ አራት ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ። ልጄ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ነው የምትኖረው፤ ልብሷን ልታጥብ ስትመጣ ነገሩን ነገርኳት። የታጠበውን እያጠፈች፣ "ማም፣ ኢትስ ጀስት አ ቬስት" አለችኝ፤ ሰደርያ ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው።

"ላንቺ ነው ቬስት" አልኳትና ተቆጥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። የተቆጣሁት ግን በእሷ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ለማናጀሩ እሱ ይሁን አልኩት፤ ሦስተኛው ወረቀትም ቀረ። ሰደርያውን አጣጥፌ ለጋሼ ስሰጠው፣ "አሠራር ተቀይሯል" አልኩት እንጂ ሌላ አልጨመርኩም። ሰደርያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ለበሰው፤ ሰፍቶት ነበር። ሄዶ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። አመሰግናለሁ እንኳ አላለም። ከፋኝ፤ አልዋሽም። ወደ ስካነሬ ተመልሼ፣ ሊድነቱን ብተው ፍጥነቱን አልተውኩም ለማለት ያህል፣ እስከ ምሳ ድረስ እጄን ሳላሳርፍ ሠራሁ።

ምሳ ልንወጣ ስንል ጋሼ በሠራተኛው ሁሉ ፊት በስሜ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን ለብቻው አስቀምጧል፤ ከላይ የተለጠፈው ቁጥር የእኔ ነው።

"ይህን ጊዮርጊስ ወዴት ነው የላክሽው?" አለኝ።

አየሁት። የመጀመሪያውን ተጭኜ አልፌዋለሁ። ምን አባቴ ልበል? የዓመታት እጅ በሁለት ቀን አይታረምም።

"ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እለፈኝ" አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ማናጀሩ ነግሮኛል። ቦታሽን የሰጠሽኝ እንዳልፍሽ ነው?" አለኝ፤ እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ካርቶኑን ግን በሁለት እጁ ወደ እኔ ገፋው።

እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ እንደዚያ ቀን ሰው የወደድኩበትንም ጊዜ አላስታውስም። ሁሉም እያዩኝ፣ ፊቴ እየነደደ፣ ከሰውየው ስም ጀምሬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።